ለሌላው የሮጠው ማሲሞ ቦኒኒ፤ የትንሿ የሳን ማሪኖ ልጅ

ስለ እግር ኳስ ክርክር በተነሣ ቍጥር ስማቸው ሳይጠራ የማይታደርባቸው ተጫዋቾች አሉ። ፔሌ ይበልጣል፤ የለም ማራዶና ይበልጣል፤ ፕላቲኒስ የት ሊቀር ነው እየተባለ መብራት እስኪጠፋ ድረስ እንከራከራለን። ነገር ግን ፕላቲኒ እንደ ልቡ ይጫወት ዘንድ ከኋላው ሆኖ የሚሮጥለት ማን ነበር ተብሎ ቢጠየቅ፥ ከተከራካሪዎቹ መካከል ስሙን የሚያውቅ አንድ እንኳ መገኘቱን እንጠራጠራለን። በዚህ ጽሑፍ ስለዚያ ሰው ጥቂት ለመግለጽ አስበናል። ስሙ ማሲሞ ቦኒኒ ይባላል። ስለ እሱ መጻፍ የወደድነው ብዙ ዋንጫ ስላነሣ ብቻ አይደለም። በክለብ ጨዋታ ከአውሮፓ እስከ ዓለም ያለውን ዋንጫ ከጨበጠ በኋላ፥ ለአገሩ በተሰለፈበት ጊዜ ግን አንድም ቀን አሸንፎ ከሜዳ ያልወጣ ሰው ስለ ሆነ ነው። ይህ እንዴት ሊሆን እንደ ቻለ ለመረዳት በመጀመሪያ አገሩን ማወቅ ያስፈልጋል። (የዘመኑ ቍጥር ሁሉ በፈረንጆች አቈጣጠር መሆኑን አንባብያን እንዲያስታውሱልን እንለምናለን።)

ሳን ማሪኖ በዙሪያዋ ሁሉ በኢጣልያ የተከበበች፥ በቲታኖ ተራራ ላይና በግርጌው የተቀመጠች ሪፐብሊክ ናት። ስፋቷ 61 ካሬ ኪሎ ሜትር ብቻ ነው፤ በእግሩ መሄድ የለመደ ሰው ጧት ቢነሣ ከምሳ በፊት ከዳር እስከ ዳር ያቋርጣታል። ሕዝቧ ዛሬ ከ35 ሺህ አይበልጥም፤ ቦኒኒ በሚጫወትበት ዘመን ደግሞ ከዚህም በጣም ያንስ ነበር። ማሪኖስ የሚባል ድንጋይ ጠራቢ በ301 ዓመተ ምሕረት መሠረታት ተብሎ በአገሬው ዘንድ ይነገራል። በየስድስት ወሩ የሚመረጡ ሁለት ርእሰ ብሔሮች አሏት፤ የእኛ የተማሪዎች ማኅበር መሪዎች እንኳ ከዚህ የረዘመ ዘመን ይሰጣቸዋል! ቋንቋዋ ኢጣልያንኛ ነው። ነዋሪዎቿ ኑሯቸውና ንግዳቸው ከኢጣልያ ጋር የተሳሰረ ነው። ይሁን እንጂ ኢጣልያኖች ናችሁ ቢሏቸው ደስ አይላቸውም።

እንግዲህ ነገሩ የሚወሳሰበው ከዚህ ላይ ነው። የሳን ማሪኖ የእግር ኳስ ፌዴሬሽን በ1931 ቢቋቋምም፥ የዓለሙ የእግር ኳስ ማኅበር ፊፋና የአውሮፓው ዩኤፋ አባልነት ያገኘው በ1988 ነው። ከሃምሳ ዓመት በላይ በቆየው በዚህ መካከለኛ ዘመን የሳን ማሪኖ ልጅ ኳስ ቢችል በኢጣልያ ሊግ ይጫወታል፤ በሊጉም ውስጥ እንደ ኢጣልያዊ እንጂ እንደ ውጭ አገር ሰው አይቈጠርም። አገሩ ግን የራሷ ብሔራዊ ቡድን የላትም። ስለዚህ ተጫዋቹ በመንግሥት ሕግ የሳን ማሪኖ ዜጋ፥ በኳስ ሕግ ደግሞ የኢጣልያ ሰው መሆኑ ነው። ሕግ የሚያጠኑ ጓደኞቻችን ይህን ጕዳይ ቢመረምሩት ጥሩ የመመረቂያ ጽሑፍ ይወጣዋል ብለን እናምናለን።

ቦኒኒ ጥቅምት 13 ቀን 1959 በሳን ማሪኖ ተወለደ። ኳስን በአገሩ ክለብ ጀምሮ በቅርብ ወዳሉት የኢጣልያ ከተሞች ወደ ቤላሪያና ወደ ፎርሊ፥ ቀጥሎም በ1979 ወደ ቼዜና ተሻገረ። ቼዜና በዚያን ጊዜ በሁለተኛው ዲቪዚዮን የነበረ ክለብ ነው። አሠልጣኙ ኦስቫልዶ ባኞሊ ነበር፤ ይህ ሰው በኋላ በ1985 ቬሮናን የኢጣልያ ሻምፒዮን በማድረግ ዓለምን ያስደነቀው ነው። በ1981 ቼዜና ወደ መጀመሪያው ዲቪዚዮን አለፈ። በዚያው ዓመት በጋ የቱሪኑ ጁቬንቱስ ይህን ፀጕሩ ወርቃማ የሆነ፥ መሮጥ የማይሰለቸው ልጅ ገዛው። ዕድሜው ገና 21 ነበር።

የጁቬንቱስ አሠልጣኝ ጆቫኒ ትራፓቶኒ የሚፈልገውን የሚያውቅ ሰው ነው። ለብዙ ዓመት የመሀል ሜዳውን ያገለገለው ጁዜፔ ፉሪኖ እያረጀ ሄዶ ነበርና በእሱ ቦታ ሳይደክም የሚሠራ ወጣት ያስፈልገዋል። ቦኒኒም ቦታውን ያዘ፤ በመጀመሪያው ዓመቱም ሻምፒዮን ሆነ። የዚያ ዓመት አጨራረስ ሳይነገር መታለፍ የለበትም። ግንቦት 16 ቀን 1982፥ በመጨረሻው ቀን፥ ጁቬንቱስና ፊዮሬንቲና እኩል ነጥብ ይዘው ወደ ሜዳ ገቡ። ፊዮሬንቲና በካሊያሪ ያለ ጎል ተለያየ። ጁቬንቱስ ደግሞ በካታንዛሮ ፍጹም ቅጣት ምት አገኘ። መቺው ሊያም ብሬዲ የሚባል አየርላንዳዊ ነበር። ይህ ሰው ክለቡ በሚቀጥለው ዓመት እንደማይፈልገው አስቀድሞ ተነግሮታል፤ ምክንያቱም የኢጣልያ ክለቦች ሁለት ብቻ የውጭ አገር ተጫዋቾች እንዲይዙ በሚፈቅደው ሕግ መሠረት ጁቬንቱስ ፈረንሳዊውን ሚሼል ፕላቲኒንና ፖላንዳዊውን ዝቢግኒየቭ ቦኒየክን ወስዷል። ብሬዲ እንዲህ ሆኖ ሳለ ኳሷን አስቀምጦ መታ፤ አገባ፤ ዋንጫውንም አስረክቦ ሄደ።

እዚህ ላይ አንባቢ ቆም ብሎ እንዲያስብ እንፈልጋለን። ብሬዲ የትንሽ አገር ልጅ ነው፤ ቦኒኒም ከእሱ አገር እጅግ ያነሰች አገር ልጅ ነው። አንዱ የውጭ አገር ሰው ነህ ተብሎ ቦታውን ለቀቀ። ሌላው ግን ፓስፖርቱ የኢጣልያ ሳይሆን፥ ከፕላቲኒና ከቦኒየክ ጋር ሦስተኛ ሆኖ ሳይቈጠር፥ በየሳምንቱ ይሰለፍ ነበር። ሕጉ በዚህ በኩል ለቦኒኒ በጀው። በሌላ በኩል ግን ዋጋውን እንደ አስከፈለው ወደ ታች እንመለስበታለን።

አሁን ስለ ሥራው እንናገር። በሜዳ ላይ ያለውን ነገር ጎል በማግባት ብቻ የሚለካ ተመልካች ቦኒኒን አያየውም። ለጁቬንቱስ በሊጉ 192 ጊዜ ተሰልፎ ያገባው ጎል 5 ነው። ታዲያ ምን ይሠራ ነበር? ፕላቲኒ ኳስ ሲይዝ ሰይጣንም አይደርስበትም፤ ኳስ ሲነጠቅ ግን ወደ ኋላ ተመልሶ ተጋጣሚን ማሳደድ ሥራዬ ነው ብሎ አያምንም። በዚህ ጊዜ በመሀል ሜዳ ክፍት ቦታ ይፈጠራል፤ ተጋጣሚም በዚያ በኩል ያልፋል። ያን ክፍት ቦታ አስቀድሞ አይቶ መዝጋት የቦኒኒ ሥራ ነበር። ተጋጣሚው እንዳይዞር ከጀርባው ይደርስበታል፤ ኳሱን ይነጥቃል፤ ከነጠቀም በኋላ አሥር ሰው አታልላለሁ ሳይል በአጭሩ ለፕላቲኒ ወይም ለታርዴሊ ሰጥቶ እንደ ገና ወደ ቦታው ይሮጣል። ግራ ተከላካዩ ካብሪኒ ለማጥቃት ወደ ፊት ሲሄድም የእሱን ቦታ የሚጠብቅ ሰው ያስፈልጋል። ሊቤሮው ሺሬያ ኳስ ይዞ ሲወጣም እንደዚሁ። አንድ ሰው ዘጠና ደቂቃ ሙሉ የሌሎችን በር ሲዘጋ ዋለ ማለት ነው።

ስለዚህ ጕዳይ በኢጣልያ ሲነገር የኖረ አንድ ወሬ አለ። የክለቡ ባለቤት ሲኞር ጃኒ አኜሊ አንድ ቀን ፕላቲኒ ሲጋራ ሲያጨስ አይተው ስለ ሳንባው እንደሚያሳስባቸው ቢነግሩት፥ ፕላቲኒ እሳቸው መጨነቅ ያለባቸው ቦኒኒ ማጨስ የጀመረ ቀን እንደ ሆነ፥ ለእሱ የሚሮጥለት ቦኒኒ ነውና፥ በማለት መለሰላቸው ይባላል። ብዙ ሰው ይህን ሰምቶ ስለ ፕላቲኒ ጨዋታ ዐዋቂነት ይሥቃል። እኛ ግን በዚህ ወሬ ውስጥ የሚታየን ሌላ ነው። ፕላቲኒ ከ1983 እስከ 1985 ሦስት ዓመት በተከታታይ የኢጣልያ ሊግ ከፍተኛ ጎል አግቢ ሆነ፤ በእነዚያው ሦስት ዓመታት የአውሮፓን የወርቅ ኳስ ሽልማት ተቀበለ። የሚሮጥለት ሰው ባይኖረው ኖሮ ሦስቱን ሁሉ ያገኝ ነበር ለማለት እንቸገራለን። ደግሞም የሰውየውን ዋጋ ያስተዋሉ ጭራሽ አልጠፉም፤ በ1983 ጕዌሪን ስፖርቲቮ የተባለው የኢጣልያ መጽሔት በአውሮፓ ውድድሮች ከተጫወቱት ወጣቶች ሁሉ ቦኒኒን መርጦ ብራቮ የተባለውን ሽልማት ሰጥቶታል።

ዋንጫዎቹን በአጭሩ እንለፋቸው። የኢጣልያ ሻምፒዮንነት በ1982፥ በ1984 እና በ1986፤ የኢጣልያ ዋንጫ በ1983፤ በ1984 በባዝል ከተማ ፖርቶን 2 ለ 1 በማሸነፍ የአውሮፓ የዋንጫ አሸናፊዎች ዋንጫ፤ በጥር ወር 1985 ሊቨርፑልን 2 ለ 0 በመርታት ሱፐር ካፕ፤ በታኅሣሥ 1985 በቶኪዮ ከአርጀንቲናው አርጀንቲኖስ ጁኒየርስ ጋር 2 ለ 2 ተለያይቶ በፍጹም ቅጣት ምት በማሸነፍ የአህጉራት ዋንጫ። ያመለጠው ዋንጫም አለ፤ በ1983 አቴና ላይ በአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ፍጻሜ ጁቬንቱስ፥ ያን ሁሉ የዓለም ዋንጫ ጀግና ይዞ፥ በሃምቡርግ 1 ለ 0 ተሸነፈ። ጎሉን ያገባው ፌሊክስ ማጋት ነበር።

አንዱ ዋንጫ ግን በአጭሩ የሚታለፍ አይደለም። ግንቦት 29 ቀን 1985 በብራስልስ፥ በሄዘል ስታዲየም፥ ጁቬንቱስና ሊቨርፑል ለአውሮፓ ሻምፒዮን ክለቦች ዋንጫ ሊጋጠሙ ነበር። ጨዋታው ሳይጀመር የሊቨርፑል ደጋፊዎች በሌላው ወገን ላይ ሲዘምቱ፥ ሸሽቶ ጥግ የያዘው ሕዝብ ተጨናንቆ አሮጌው ግንብ ተደረመሰ። 39 ሰዎች ሞቱ፤ ከእነዚህ የሚበዙት ኢጣልያኖች ነበሩ። እንዲህም ሆኖ የውድድሩ ሹማምንት ረብሻው እንዳይብስ በማለት ጨዋታው እንዲደረግ ወሰኑ። ቦኒየክ ከቅጣት ክልሉ ውጭ ተጠልፎ ሳለ ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት ሰጡ፤ ፕላቲኒ አገባ፤ 1 ለ 0 ተፈጸመ። ቦኒኒ ከተሰለፉት አሥራ አንዱ መካከል ነበር። እንግዲህ ከሳን ማሪኖ ምድር ተነሥቶ በአውሮፓ ክለቦች ትልቁን ዋንጫ ያገኘ ሰው ቢፈለግ እሱ ነው፤ ያገኘውም ሬሳ ከወጣበት ሜዳ ላይ ነው። እንዲህ ያለውን ዋንጫ ከሌሎቹ ጋር አብሮ መቍጠር ለእኛ ይከብደናል።

ወደ ዋናው ነገር እንመለስ። ቦኒኒ በጁቬንቱስ አብረውት ከሚጫወቱት መካከል ዞፍ፥ ጄንቲሌ፥ ካብሪኒ፥ ሺሬያ፥ ታርዴሊና ሮሲ ስድስቱ በ1982 በስፔን የዓለም ዋንጫን ለኢጣልያ አምጥተዋል። እሱ ራሱ ከ21 ዓመት በታች ለሆኑት የኢጣልያ ቡድን ተሰልፎ ነበር፤ ይህ የሆነው ከዚህ በላይ በገለጽነው የኳስ ሕግ ምክንያት ነው። ለዋናው ብሔራዊ ቡድን ለመጫወት ግን የኢጣልያን ዜግነት መያዝ፥ የሳን ማሪኖን ደግሞ መተው ያስፈልገው ነበር። በዚያን ጊዜ በኢጣልያ ሻምፒዮን ክለብ ውስጥ በየሳምንቱ የሚሰለፍ የመሀል ሜዳ ተጫዋች ለብሔራዊ ቡድን ቢታጭ የሚያስገርም አልነበረም። ቦኒኒ ግን የሳን ማሪኖ ዜግነቴን አልተውም አለ። አልተወምም።

ይህን ስንሰማ ከመካከላችን አንዳንዶቹ ሞኝነት ነው እንደሚሉ እናውቃለን። ቋንቋው አንድ፥ ሃይማኖቱ አንድ፥ እንጀራው ከኢጣልያ፥ ድንበሩ ላይ እንኳ የሚጠይቀው ሰው የለ፤ ታዲያ አንዲት ወረቀት ስለ መለወጥ የዓለም ዋንጫን ያህል ነገር እንዴት ያስቀራል? መልሱ ቀላል አይደለም። አገሩ በዚያን ጊዜ ቡድን እንኳ አልነበራትምና፥ ኢጣልያን እምቢ ሲል በምትኩ የሚሰለፍለት ሌላ ማልያ አልነበረም። ስለዚህ ምርጫው በሁለት ቡድን መካከል ሳይሆን፥ በአንድ ታላቅ ቡድንና በባዶ መካከል ነበር። በእኛ ግምት ግን ጕዳዩ እንዲህ ነው። ሕዝቧ 60 ሚሊዮን የሚጠጋ አገር አንድ ተጫዋች ቢሄድባት ሌላ ትተካለች። ሃያ ሺህ ከምናምን ሰው ያላት አገር ግን እያንዳንዱ ዜጋ በስም የሚታወቅባት ናት፤ ከሁሉ የታወቀው ልጅ የዜግነት ወረቀቱን ለመልበሻ ሲል ቢመልስ፥ የቀረው ሕዝብ የዚያ ወረቀት ዋጋ ምን ያህል ነው ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ቦኒኒ ይህን አስቦ ይሁን ወይም ዝም ብሎ አገሩን ስለ ወደደ ይሁን፥ ያደረገው ነገር ያው ነው።

በ1988 ከጁቬንቱስ ለቆ በዚያው ዓመት ወደ መጀመሪያው ዲቪዚዮን ወደ ተመለሰው ወደ ቦሎኛ ሄደ፤ እስከ 1993 ድረስም በዚያ ተጫወተ። ቦሎኛ በመጀመሪያ ደህና ሆኖ ቈየ፤ በኋላ ግን በ1991 ወደ ሁለተኛው፥ በ1993 ደግሞ ወደ ሦስተኛው ዲቪዚዮን ወረደ። የቦኒኒ የክለብ ዘመን በዚህ ዓይነት ተፈጸመ።

በዚህ መካከል የሳን ማሪኖ ፌዴሬሽን የፊፋና የዩኤፋ አባል ሆኖ ነበር። ኅዳር 14 ቀን 1990 በሴራቫሌ ሜዳ የሳን ማሪኖ ብሔራዊ ቡድን የመጀመሪያውን የአውሮፓ ዋንጫ ማጣሪያ ጨዋታ ከስዊስ ጋር አደረገ፤ 4 ለ 0 ተሸነፈ። በሚቀጥለው ወር ሩማንያ 6 ለ 0 አሸነፈችው። ቦኒኒ በዚያ ዓመት የአገሩን ሰማያዊ ማልያ ለመልበስ በቃ፤ ዕድሜው 31 ሆኖ፥ የሩጫው ዘመን ሊያልቅ ሲል። አብረውት የሚሰለፉት አብዛኞቹ ቀን በሥራቸው ውለው ማታ ልምምድ የሚያደርጉ ሰዎች ነበሩ። በአቴናና በቶኪዮ ከፕላቲኒ ጋር የተሰለፈ ሰው ከባንክ ጸሐፊና ከሱቅ ሻጭ ጋር ሲሰለፍ፥ ኳስ የሚነጥቅ ቢሆን እንኳ ነጥቆ ለማን ይሰጣል? የጁቬንቱስ ጥበቡ ግማሹ እዚህ ላይ ዋጋ አጣ። እሱ ግን እስከ 1995 ድረስ 19 ጊዜ ለአገሩ ተሰለፈ። ከ19ኙ አንዱንም አላሸነፈም።

ቡድኑ በእነዚያ ዓመታት ፈጽሞ ደስታ አላየም ማለታችን አይደለም። በመጋቢት 1991 ሩማንያ ወደ ሴራቫሌ በመጣች ጊዜ የመጀመሪያውን ጎል በፍጹም ቅጣት ምት አገባ፤ ውጤቱ ግን 3 ለ 1 ሽንፈት ነበር። መጋቢት 10 ቀን 1993 ከቱርክ ጋር ያለ ጎል ተለያይቶ የመጀመሪያውን ነጥብ አገኘ። በዚያው ዓመት በኅዳር ወር ደግሞ ዳቪዴ ጓልቲየሪ ጨዋታው በተጀመረ በ8 ሰከንድ ከጥቂት ክፍልፋይ በእንግሊዝ ላይ አገባ። እንግሊዞች ደንግጠው ጥቂት ከቈዩ በኋላ ሰባት አገቡ፤ ያም ቢሆን ያቺ ጎል በሳን ማሪኖ እስከ ዛሬ ትወራለች። በ1992 በቼዜና ከተማ፥ ቦኒኒ በወጣትነቱ በተጫወተበት ከተማ፥ ሳን ማሪኖ ከኢጣልያ ጋር በወዳጅነት ተጋጥማ 4 ለ 0 ተሸንፋለች።

እንዲህ ያለ ቡድን በማጣሪያ ውድድር መግባት አለበት ወይስ የለበትም የሚለው ክርክር በአውሮፓ ጋዜጦች ሲነሣና ሲወድቅ ኖሯል። ትልልቆቹ አገሮች ጊዜያችን ይባክናል፥ ተጫዋቾቻችን ይጎዱብናል ይላሉ። በ2006 ጀርመን በሴራቫሌ 13 ለ 0 ካሸነፈች በኋላ ይህ አባባል ይበልጥ በረታ። እውነት ነው፤ 13 ጎል ማየት ለተመልካችም ያሰለቻል። ነገር ግን ከትልልቆቹ አንዱ ደካማውን ተጋጣሚ የሚጠላው ነጥብ በሚቈጥርበት ጊዜ አይደለም፤ ያን ጊዜ ሦስቱን ነጥብ ደስ ብሎት ይወስዳል። ደግሞስ ደካማ የሆነ ሁሉ ከጨዋታው ይውጣ ከተባለ፥ መውጣቱ የት ላይ ያቆማል? በ2018 ዩኤፋ የብሔሮች ሊግ የተባለውን ውድድር ሲያቋቁም ቡድኖቹን በአቅማቸው መድቦ ትንሹን ከትንሹ ጋር እንዲጋጠም አድርጓል። ይህ ከማባረር የተሻለ ዘዴ እንደ ነበረ ውጤቱ አሳይቷል።

ቦኒኒ መጫወት ካቆመ በኋላ ከ1996 እስከ 1998 የሳን ማሪኖ አሠልጣኝ ሆኖ አገለገለ። ለ1998ቱ የዓለም ዋንጫ በተደረገው ማጣሪያ ከሆላንድ፥ ከቤልጂክ፥ ከቱርክና ከዌልስ ጋር በአንድ ምድብ ተደልድሎ፥ ቡድኑ ስምንቱንም ጨዋታ ተሸነፈ፤ 42 ጎል ገባበት፤ አንድም አላገባ። በአሠልጣኝነት ከዚህ የከበደ ሥራ ያለ አይመስለንም፤ ፕላቲኒን መጠበቅ ሳይቀል አይቀርም።

ሳን ማሪኖ የመጀመሪያ ድሏን ያገኘችው ሚያዝያ 28 ቀን 2004 ነው፤ በወዳጅነት ጨዋታ ሊክተንስታይንን 1 ለ 0 አሸነፈች፤ ያገባውም አንዲ ሴልቫ ነበር። ከዚያ በኋላ ሃያ ዓመት ያህል ድል የሚባል አልታየም። መስከረም 5 ቀን 2024 በዚያው በሴራቫሌ፥ በብሔሮች ሊግ፥ እንደ ገና ሊክተንስታይንን 1 ለ 0 ረታች፤ ይህም በውድድር ጨዋታ የመጀመሪያው ድል ነው። በኅዳር ወር ደግሞ ወደ ቫዱዝ ሄዳ 3 ለ 1 አሸነፈችና ወደ ላይኛው ምድብ አለፈች። በመስከረሙ ጨዋታ ጎሉን ያገባው ኒኮ ሴንሶሊ የ19 ዓመት ወጣት ነበር፤ እሱ ሲወለድ ቦኒኒ ለሳን ማሪኖ መሰለፉን ካቆመ አሥር ዓመት ያህል ሆኖታል።